ክርስትና ስም የወጣለት ዲስክ

ይህ የሆነ ነገር ነው። ተስፋነህ ራሱ ቁጭ ብሎ ነግሮኛል። የመጨረሻውን ደግሞ በዓይኗ ያየችው የሥራ ባልደረባው ሕሊና ነግራኛለች። ማመን የማይፈልግ ሰው ከዚሁ ይመለስ፤ አልቀየመውም።

ሌሊት ስድስት ሰዓት፣ ጨለማ፣ የጅብ ጩኸት ምናምን የምትጠብቁ ካላችሁም እሱ የለበትም።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። ፀሐይ ወጥታለች። ባጃጆቹ ከውጭ ይጯጯኻሉ። ቦታው ደብረ ታቦር ውስጥ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት ነው፤ ስሙን አልጠራም። ወሩ ጥቅምት፣ ዓመቱ 2010።

ተስፋነህ የመሥሪያ ቤቱ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። የብዙ ገበሬ የመሬት ይዞታ የተመዘገበው እሱ በሚጠብቀው ሰርቨር ላይ ነው። ሰርቨር ማለት፣ ለማያውቅ ሰው፣ ሌሎቹ ኮምፒውተሮች ሁሉ መረጃ የሚቀዱበት ትልቁ ማሽን ነው። መረጃው የሚቀመጠው እዚያ ውስጥ በተደረደሩት ሃርድ ዲስኮች ላይ ነው።

ያን ሰሞን ሁለቱ ዲስኮች ተበላሹ። ኦርጅናሉ፣ የማሽኑ ፋብሪካ ራሱ የሚሠራው፣ ከውጭ ካልታዘዘ አይገኝም ተባለ። ተስፋነህ አዲስ አበባ ሄዶ የሌላ ፋብሪካ ዲስኮች ይዞ መጣ። ሁለቱም ከአንድ ካርቶን የወጡ ናቸው፤ አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም።

ሰኞ ዕለት ገጠማቸው። ማሽኑ ለእያንዳንዱ ዲስክ ስም እንዲሰጠው ጠየቀው።

ጥፋቱ እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያውን በቁጥር አለፈው። ሁለተኛው ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። ይህ ቢበላሽብኝ አለቀልኝ፣ የሚጠብቀው ስም ልስጠው አለ በልቡ። ጻፈ...

ወለተ ኪዳን።

የእህቱ የክርስትና ስም ነው።

እህቱ ፈንታነሽ ትባላለች። ከእብናት ወደ ቆላው ዝቅ ብሎ ባለ መንደር ትኖራለች። እናትና አባታቸው ሲሞቱ እሱን ያሳደገችው እሷ ናት፤ እሱ ተምሮ ሥራ እስኪይዝ ድረስም ባል አላገባችም። ከዚያ በኋላ ደግሞ ጊዜው አለፈ። "እታለም" ነው የሚላት። ከእሷ ሌላ ዘመድ የለውም።

ክርስትና ስም ምን እንደሆነ መቼም ታውቃላችሁ። ካህኑ በጸሎት የሚያነሣው፣ ጎረቤት የማያውቀው ስም ነው። ክፉ ሰው እጅ ከገባ መተት ይሠራበታል እየተባለ ይደበቃል። የፈንታነሽን የሚያውቁት እሷ፣ የንስሐ አባቷ እና ተስፋነህ ብቻ ነበሩ።

አሁን ማሽኑ አራተኛ ሆነ።

ከሰዓት በኋላ ደወለላት፤ ደስ የሚላት መስሎት።

"ስምሽን ለትልቅ ዕቃ ሰጠሁት እኮ፣ እታለም።"

"ለምን ዕቃ?"

"ለዲስክ። የገበሬው መሬት ሁሉ የሚመዘገብበት ነው።"

ሳቀች። "የትኛውን ስሜን ነው ታዲያ የሰጠኸው?"

"የክርስትናሽን።"

ሳቋ ተቋረጠ።

"ተስፋዬ... ለማን ነው የነገርከው?"

"ለሰው አይደለም። ለማሽን ነው።"

"ማሽንስ ቢሆን? የነፍሴ ስም አይደል እንዴ... እሱ በዋዛ ይጠራል? አውጣልኝ።"

"እሺ አወጣዋለሁ።"

"ዛሬውኑ።"

"ዛሬውኑ፣ እታለም።"

አላወጣውም። ክፋት አልነበረም፤ ነገ ይደርሳል ብሎ ነው። ይህን ሲነግረኝ ግን ቀና ብሎ አላየኝም።

በማግስቱ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ማሽኑ ጮኸ።

መጀመሪያ ማራገቢያዎቹ ተነሡ። ሁሉም ባንዴ፣ ባላቸው ኃይል። ወፍጮ ቤት የገባችሁ ሰዎች ድምፁን ታውቁታላችሁ። ከዚያ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ሰርቨሩ ችግር ሲገጥመው ለስልኩ አጭር መልእክት እንዲልክ ያደረገው ራሱ ነው።

ወለተ ኪዳን፦ 98 ዲግሪ። ከመጠን በላይ ሞቋል።

ሮጦ ገባ። ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ቀልቷል። ሌሎቹ ዲስኮች ሁሉ ሃያ ሰባት ላይ ናቸው።

ዘጠና ስምንት... ደብረ ታቦር ላይ ውሃ እንኳ ከዚያ ባነሰ ሙቀት ይፈላል። እጄን ያቃጥለኛል ብሎ ዲስኩን በጨርቅ ይዞ ሳበው።

ቀዝቃዛ ነው። በጨርቁ ውስጥ ሳይቀር ይቀዘቅዛል።

ያን ቀን ሙሉ ከእሱ ጋር ሲታገል ዋለ። አቧራውን አራገፈ። ማሽኑን አጥፍቶ አበራ። ዲስኩን ወደ ሌላ ቦታ አዛወረው፤ ዘጠና ስምንቱ ተከትሎት ሄደ። በእሱ ቦታ መንታውን ከተተ፤ ሃያ ሰባት።

ኢንተርኔት ላይ ሲፈልግ የዓለም የኮምፒውተር ሠራተኛ ሁሉ በዚህ ነገር ሲያማርር አገኘ። ማሽኑ የሌላ ፋብሪካ ዲስክ ሲገጠምለት ቋንቋው አይገባውም። የሙቀቱን ቁጥር ከሌለበት ቦታ ይፈልጋል፤ ያገኘውን ያነባል፤ ከዚያ ተቃጠልኩ ብሎ ይጮኻል። የውሸት ነው። ምንም የሞቀ ነገር የለም። ማንቂያውን አጥፋውና ሥራህን ሥራ ይላል ሁሉም።

እውነታቸውን ነው። እኔም ጠይቄያለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር አለ።

ግን የውሸት ቁጥር ወይ አንድ ቦታ ይቆማል፣ ወይ እንደ እብድ ይዘላል። ይኼኛው እንደዚያ አልነበረም። ጠዋት ትንሽ ዝቅ ይላል። ከሰዓት በኋላ ትንሽ ከፍ ይላል። ሥራ ውሎ እንደሚገባ ሰው...

ተስፋነህ አይቶታል። አይቶት አለፈው። ማንቂያው ከመቶ ዲግሪ በላይ ሲሆን ብቻ እንዲጮህ አደረገና ሰላም ሆነ።

ሰላሙ እስከሚቀጥለው ሰኞ ቆየ።

ሰኞ ረፋድ ላይ ቁጥሩ መውጣት ጀመረ። መቶ አንድ... መቶ ሦስት... መቶ አራት። ማራገቢያዎቹ ጮኹ። አመሻሽ ላይ ማንም ሳይነካው በራሱ ወረደ።

ማክሰኞ ምንም የለም።

ረቡዕ ረፋድ ላይ እንደገና። መቶ አራት። አመሻሽ ላይ ወረደ።

ሐሙስ ምንም የለም።

ሕሊና ጠረጴዛዋ ከሰርቨሩ ክፍል ግድግዳ ጋር የተጠጋ ነው፤ ጩኸቱን ከማንም በላይ የምትሰማው እሷ ናት። መረጃ የምታስገባ ልጅ ናት፣ የአርባ ምንጭ ልጅ፤ የደብረ ታቦር ብርድ ስለማይስማማት በቀን በብርሃን ነጠላ ደርባ ነው የምትውለው። ሐሙስ ዕለት በሩ ላይ ቆማ ስክሪኑን አየችው።

"ይሄ ማሽን ወባ ይዞታል እንዴ?"

"እንዴት?"

"አንድ ቀን ይተወዋል፣ አንድ ቀን ይይዘዋል። ያውም በሰዓቱ። እኛ አገር እንዲህ የሚያደርገው ወባ ነው።"

"ኪኒን እንግዛለት በያ።"

ሁለቱም ሳቁ።

አስቡት። ተስፋነህ የቆላ ልጅ ነው። የወባ ንዳድ ቀን እየለየ እንደሚመጣ ከእሷ በላይ ያውቃል፤ በልጅነቱ ይዞት እህቱ ናት ግንባሩን እየዳሰሰች ያዳነችው። ያ ሁሉ በልቡ ውስጥ አለ። ግን ዲስክ ነው። ማን ይጠረጥራል?

ዓርብ መጣ።

ዓርብ ዕለት ከባሕር ዳር እንግዶች ይመጣሉ ተብሎ መሥሪያ ቤቱ ተወልውሏል። ረፋድ ላይ ማራገቢያዎቹ ተነሡ። ከዚያ በፊት እንደዚያ ጮኸው አያውቁም። መቶ አምስት።

ኃላፊው አቶ ካሳሁን በሩ ላይ መጡ።

"ተስፋነህ፣ ዝም አሰኘው።"

"እየሞከርኩ ነው፣ ጋሼ።"

"ሰዎቹ ደረጃው ላይ ናቸው። አሁን ነው የምልህ።"

ስልኩ ጠራ። እታለም ናት።

አነሣው። ጩኸቱ መሀል ድምፅዋ ይመጣል፣ ይጠፋል። ረጅም ነገር ነው የምትለው... አንዱም አይያዝም። ጆሮውን በጣቱ ደፈነ። ዝቅ ብሎ ጠረጴዛው ስር ገባ።

"እታለም፣ አይሰማኝም።"

"...ያን ስሜን... አወጣኸው ወይ?"

ይቺን ብቻ ሰማ።

አቶ ካሳሁን ቆመው ያዩታል።

"አዎ" አላት። "አውጥቼዋለሁ። ማታ እደውልልሻለሁ።"

 ከዚያ አንድ ነገር አለች፤ ተመስገን ያለች ይመስል ነበር። ስልኩ ተዘጋ።

ተስፋነህ ወደ ማሽኑ ዞረና የዚያን ዲስክ ሙቀት ጨርሶ እንዳያነብ አዘዘው። ቀዩ መስመር አረንጓዴ ሆነ። ቁጥሩ ጠፋ። ከወለተ ኪዳን ስም ፊት ለፊት ባዶ ቦታ ቀረ።

ክፍሉ ጭጭ አለ።

"ተባረክ" አሉት አቶ ካሳሁን።

ማታ ከእንግዶቹ ጋር ራት ነበር። ሥጋ ነበር፣ ቢራ ነበር፣ ጨዋታ ነበር። ሳይደውል አመሸ። ቅዳሜም ነገ እሑድ ነው፣ ተረጋግቼ አወራታለሁ አለ።

እሑድ ቅዳሴ ወጥቶ ገና ጫማውን ሲያጠልቅ የእህቱ ጎረቤት አያ ወርቁ ደወሉለት።

"ተስፋነህ፣ እንደምን አደርክ።"

"እግዚአብሔር ይመስገን፣ አያ ወርቁ። እርስዎስ ደኅና ነዎት?"

"ደኅና ነኝ። እህትህ ትንሽ ደከም ብላለች። ብትመጣ።"

አገራችን የሰው ሞት በስልክ አይነገርም። ደከመ ነው የሚባለው። ተስፋነህ ጫማውን አስሮ መጨረስ አቃተው። አንድ የማያውቀው ሰው ጎንበስ ብሎ አሰረለት።

ሲደርስ ድንኳኑ ተተክሏል።

አያ ወርቁ ክንዱን ይዘው ወደ ጓሮ ወሰዱት። ሽማግሌ ናቸው፤ ነገር መደበቅ አይሆንላቸውም።

"ሰኞ ነው ንዳዱ የጀመራት" አሉት። "ጤና ጣቢያ እንውሰድሽ ብንላት ትንሽ ልየው አለች። ዓርብ ባሰባት። ቃሬዛውን አዘጋጅተን ልናወጣት ስንል ላንተ ደወለች።"

"ምን አለች?"

"ነገሩስ ካወራችህ በኋላ ነው። ቃሬዛውን መልሱት አለች። ነገሩን አውጥቶልኛል፣ አሁን ይለቀኛል አለች። ምኑን እንደሆነ እኛ አላወቅን። ፊቷ ግን ፈክቶ ነበር።"

አያ ወርቁ ቀጠሉ።

"ቅዳሜ ራሷን ስትስት ተሸክመናት ሄድን። እሷም እዚህ አለች፤ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ወርቅነሽ። እስኪ ጠይቃት።"

ወርቅነሽ ጥቁር ለብሳ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣ ነበር። ተነሥታ መጣች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችው።

"ዘግይታ ነው የመጣችው። ዓርብ ብትመጣ ኖሮ..." አልጨረሰችውም። "ትኩሳቷ መቶ አራት ነበር።"

"ስንት?"

"መቶ አራት።"

"ሰው... ሰው መቶ አራት ይሆናል?"

"በፋራናይት ነው። የኛ ቴርሞሜትር አሮጌ ነው፤ የሴልሺየሱ ጽሑፍ ተፍቋል። ያ ማለት አርባ ዲግሪ ነው፣ ወንድሜ። ብዙ ነው።"

"ደኅና ሰውስ?"

"ምን?"

"ያልታመመ ሰው... በዚህ በእናንተው... ስንት ነው?"

ወርቅነሽ ኀዘን ያዞረው መሰላት።

"ዘጠና ስምንት" አለችው።

መሬቱ ላይ ተቀመጠ። አላለቀሰም። ሰዎች አልቅስ፣ ይውጣልህ ይሉታል፤ እሱ ግን ቁጥሩን ነው የሚያስበው። ጠዋት ዝቅ፣ ከሰዓት በኋላ ከፍ። እህቱ ሳምንት ሙሉ እያሳየችው ነበር። ደኅና ሳለችም፣ ስትታመምም። የውሸት ነው ብሎ አፏን የዘጋው እሱ ነው።

ከሰዓት በኋላ ቀበሯት።

የንስሐ አባቷ ፍትሐቱን አደረሱ። ሬሳው ከጉድጓዱ አፍ ላይ ሳለ ስሟን አነሡ።

"አዕርፍ ነፍሰ አመትከ ወለተ ኪዳን..."

ኪሱ ውስጥ ስልኩ ተንቀጠቀጠ።

ተስፋነህ አላወጣውም። አባ እንደገና ስሟን አነሡ። እንደገና ተንቀጠቀጠ። ስም በተነሣ ቁጥር... ጭኑ ላይ...

አፈሩ ተመልሶ ሰዉ ወደ ድንኳኑ ሲያቀና ወደ ኋላ ቀርቶ አየው።

ወለተ ኪዳን፦ ከመጠን በላይ ሞቋል።

ወለተ ኪዳን፦ ከመጠን በላይ ሞቋል።

ወለተ ኪዳን፦ ከመጠን በላይ ሞቋል።

ማንቂያው ዓርብ ጠፍቷል። ያጠፋው በገዛ እጁ ነው። ቁጥር የሚባል ነገር መልእክቶቹ ላይ የለም።

ሠልስቱ እንደ ወጣ ወደ ደብረ ታቦር ተመለሰ። ጎረቤቱ ሁሉ ቆይ እንጂ ቢለውም አልቆየም። አንድ ነገር ብቻ ነው ያሰበው፤ ስሙን ማውጣት። እሺ ብሏታል። አዎ ብሏታል። ቢያንስ ውሸቱን እውነት ማድረግ።

ረፋድ ላይ ነው የደረሰው። ቢሮው ውስጥ ሰው ሁሉ ተነሥቶ እግዚአብሔር ያጽናህ አለው። ሕሊና አቅፋው አለቀሰች። እሱ ግን ቀስ ብሎ ተላቀቃትና ሰርቨሩ ያለበት ክፍል ገብቶ በሩን ዘጋ።

ስክሪኑ አረንጓዴ ነው። ከስሟ ፊት ለፊት ያለው ቦታ ባዶ ነው።

ወለተ ኪዳን የሚለውን አጠፋ። በቁጥር ተካው። ማሽኑ ተቀበለ።

"አወጣሁት፣ እታለም" አለ፣ በሹክሹክታ። "ይኸው አወጣሁት።"

ስክሪኑ ብልጭ አለ።

ወለተ ኪዳን።

እንደገና አጠፋው። እንደገና መጣ። ባዶ በነበረው ቦታ ላይ ደግሞ ቁጥር ብቅ አለ። መቶ አራት።

ማራገቢያዎቹ ጮኹ። ከግድግዳው ማዶ ሕሊና ጆሮዋን ይዛ ከወንበሯ ተነሣች።

ተስፋነህ ዲስኩን ያዘና ከማሽኑ መዘዘው።

ጩኸቱ ባንድ ጊዜ ቆመ።

ዲስኩ መዳፉ ላይ ነው። ሽቦ የለው፣ ኤሌክትሪክ የለው። ድፍን ብረት ነው። እንደ መጀመሪያው ቀን ይቀዘቅዛል።

ከዚያ... መንቀጥቀጥ ጀመረ።

ስልክ እንደሚንቀጠቀጥ አይደለም። ሞተር እንደሚንቀጠቀጥም አይደለም። ንዳድ የያዘው ሰው ብርድ ብርድ ሲለው እንዴት እንደሚያደርገው አይታችኋል? ይበረታል፣ ይተዋል... ጥርስ ያንገጫግጫል፣ ይተዋል...

ተስፋነህ ሊጥለው ይችል ነበር። እኔ ብሆን ጥዬው እሮጥ ነበር፤ አልዋሽም።

ሕሊና የምትለው እንዲህ ነው። ጩኸቱ ሲቆም ትንሽ ጠበቀች። ድምፅ የለም። በሩን አንኳኳች። ገፋችው።

ተስፋነህ ሲሚንቶው ላይ ተቀምጧል። ጀርባውን ለማሽኑ አስደግፎ፣ ጃኬቱን አውልቆ አንድ ነገር ጠቅልሎ ደረቱ ላይ አቅፏል። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል።

"ተስፋነህ..."

"ቀስ በይ" አላት።

"ምንድን ነው እሱ?"

"ብርድ ነው። በርዷታል።"

ሕሊና ኀዘን ነው ብላ አጠገቡ ተንበረከከች። ልታባብለው ነው ያሰበችው። ከእጁ ልትወስድለት እጇን ጃኬቱ ውስጥ ሰደደች።

ብረቱን ነካች።

ይንቀጠቀጣል። ደግሞም ረጥቧል... የሰው ላብ።

እጇን መለሰች። ጣቶቿን አየቻቸው። ተስፋነህን ቀና ብላ አየችው፤ እሱም ያያታል።

ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና ሰጠችው።